በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ላሰባችሁ፦ የትኛው የሕክምና ጥናት ይሻላል?

«ዩኒቨርሲቲው ለጥናት በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ሰሞኑን ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ጥናት ላይ ተሳትፌያለሁ፤ ከሦስተኛው ደግሞ ሳልፈርም ወጥቻለሁ። የምጠቁማችሁም ከዚያ የተማርኩትን ነው።

ብዙ ሰው «ጥናት» ሲባል ያልታወቀ መድኃኒት መዋጥ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። አንዱ ዓይነት የምልከታ ጥናት ይባላል። ተመራማሪዎቹ ምንም አዲስ ሕክምና አይሰጧችሁም። መጠይቅ ትሞላላችሁ፣ ክብደትና ግፊት ትለካላችሁ፣ ምናልባት ትንሽ ደም ትሰጣላችሁ። ለጀማሪ የምመርጠው ይህንን ነው። የኔም የመጀመሪያው ስለ እንቅልፍ የሚያጠና እንዲህ ያለ ጥናት ነበር። ለሁለት ሳምንት የእጅ መለኪያ አስሬ ተኛሁ፣ በቃ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ መረጃችሁ ነው። ስሜ ከውጤቴ ጋር አብሮ ይቀመጣል? የሰጠሁትን ደም ለሌላ ጥናት ትጠቀሙበታላችሁ? መልሱን ሳትሰሙ አትፈርሙ።

ሌላው ክሊኒካዊ ሙከራ ነው። አዲስ መድኃኒት በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ ከተሞከረ በኋላ በሰው ላይ ደረጃ በደረጃ ይሞከራል። እያንዳንዱ ደረጃ ምዕራፍ ይባላል። ምዕራፍ 1 ከ20 እስከ 100 የሚሆኑ ሰዎችን ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ጤነኞች ናቸው። ጥያቄው «ያድናል ወይ?» አይደለም። «ሰውነት ይችለዋል ወይ? መጠኑስ ስንት ይሁን?» ነው። ምዕራፍ 2 እስከ ጥቂት መቶ ሕሙማንን፣ ምዕራፍ 3 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 3,000 ሰዎችን ያካትታል። ምዕራፍ 4 መድኃኒቱ ፈቃድ ካገኘ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው ከምዕራፍ 2 ወደ 3 የሚያልፈው መድኃኒት 33 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ምዕራፍ 1ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው አልመክርም። ለጊዜያችሁ የሚከፈለው ካሳ ከሌሎቹ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። ሰውን የሚስበውም እሱ ነው። ግን መድኃኒቱን በሰውነታቸው ከሚሞክሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እናንተ ናችሁ። በ2006 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ቲጂኤን 1412 የተባለ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ወንዶች በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጣቸው። በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ መመሪያ መድኃኒቱ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ፣ ሁኔታው ታይቶ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እንዲታለፍ ያዛል። ስለዚህ ምዕራፍ 1 ልግባ ካላችሁ «ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነው የምንወስደው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ» ከተባላችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ።

ሕመም ኖሮባችሁ አዲስ ሕክምና የምትፈልጉ ከሆነ ለእናንተ የሚስማማው ብዙ ጊዜ ምዕራፍ 3 ነው። ስለ ደኅንነቱ ቀድሞ የታወቀ ነገር አለ። እዚህ ግን ዕጣ አለ። አዲሱን መድኃኒት ማን እንደሚያገኝና ነባሩን ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ብዙ ጊዜ እናንተም፣ የሚያያችሁ ሐኪምም የደረሳችሁን አታውቁም። «ታዲያ ለምን ለሁላችንም አይሰጡንም?» የሚለው ቅሬታ ይገባኛል፤ እኔም ብዬዋለሁ።

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የቆየ ጥናት ነው። በ1948 እንግሊዞች ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ያድን እንደሆነ ያጠኑበትን ውጤት አሳተሙ። መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም ነበር። 55 ሰው በዕጣ መድኃኒቱን አገኘ። 52ቱ በጊዜው የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ ቀጠሉ። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 4 ሰዎች ሞቱ፤ ካላገኙት 14። የሚነጻጸር ቡድን ባይኖር ኖሮ ማን በመድኃኒቱ፣ ማን በራሱ ጊዜ እንደዳነ በምን ይለይ ነበር? ዛሬ በዚህ በኩል ሥርዓቱ ጠበቅ ያለ ነው። የሚሠራ ሕክምና ላለው ከባድ በሽታ በአብዛኛው የንጽጽር ቡድኑ ያንኑ ሕክምና ያገኛል እንጂ ባዶ ክኒን ተሰጥቶት አይተውም። ቢሆንም ጠይቁ። «አዲሱ ካልደረሰኝ ምን ይሰጠኛል?» በሉ።

ጥናቱን የት ታገኙታላችሁ? ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። ግድግዳ ላይ ወይም ስልክ ላይ የሚታይ ማስታወቂያ ፈጣን ነው፤ ግን ብቻውን አይታመንም። የራሳችሁ ሐኪም ታሪካችሁን ስለሚያውቅ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያውቀው በአቅራቢያው ያለውን ጥናት ነው። እኔ የማስቀድመው የሕዝብ መዝገብ ነው። ከ2000 ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተው የአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ አለ። ለአፍሪካ ጥናቶች ፓን አፍሪካን ክሊኒካል ትራያልስ ሬጂስትሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የብዙ አገር መዝገቦችን በአንድ ቦታ የሚፈልግ መግቢያ አለው። ማስታወቂያው ላይ የጥናቱን መለያ ቁጥር ፈልጉና መዝገቡ ላይ አስገቡት። ዓላማው፣ ምዕራፉ፣ ማን እንደሚከፍልበት፣ ማን መግባት እንደማይችል ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንድ ነገር ግን አስምሩበት። መዝገቡ ላይ መኖሩ ጥናቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ራሱ ይህን ይናገራል። ተሳታፊን ገንዘብ የሚያስከፍል ጥናት ካጋጠማችሁ ደግሞ እጅግ ተጠንቀቁ።

የዩኒቨርሲቲ ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ ታስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ጤና አገልግሎት 399 ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ሳያክም ተከታትሏል። ፔኒሲሊን መድኃኒታቸው መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ከለከላቸው። ትልቅ ተቋም ነበር፣ ሐኪሞችም ነበሩበት። ያልነበረው የተሳታፊው ፈቃድ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ጥናት በገለልተኛ የሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት፤ የፈቃደኝነት ቅጹም የመጣው ከእንዲህ ያለ ግፍ በኋላ ነው።

ስለ ቅጹ ካነሳን አይቀር፣ ከሦስተኛው ጥናት የወጣሁበትን ልንገራችሁ። ረጅም ወረቀት ሰጡኝ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ስል አስተናጋጇ «ሁሉም እዚሁ ነው የሚፈርመው፣ ወረፋ አለ» አለችኝ። «መድኃኒቱ ቢጎዳኝ የሚያሳክመኝ ማነው?» አልኳት። «እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምም» ብላ አለፈችው። ምስጋናዬን አቅርቤ ወጣሁ። ጥናቱ ምናልባት ደኅና ነበር። ግን ለጥያቄ ጊዜ የሌለው ቦታ፣ ማታ ሕመም ተሰምቶኝ ብደውል ስልኩን ያነሳል ብዬ ማመን አልቻልኩም።

ከሁለተኛው ጋር አነጻጽሩት። የደም ግፊት ጥናት ነበር፣ ምዕራፍ 3። ነርሷ ቅጹን ይዤ እንድሄድ ነገረችኝ። ከባለቤቴና ከሐኪሜ ጋር እንድነጋገርበት አሳሰበችኝ። በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳልሰጥ ማቋረጥ እንደምችል፣ ባቋርጥም መደበኛ ሕክምናዬ እንደማይነካ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። የምወስደውን ሁሉ ስትጠይቀኝ ቫይታሚንና የባሕል መድኃኒት እንኳ አልቀራትም። እባካችሁ እዚህ ላይ ምንም አትደብቁ። በአንድ ጊዜ ሁለት የመድኃኒት ጥናት ላይም አትግቡ፤ የምትጎዱት ራሳችሁ ናችሁ። «መስፈርቱን አታሟላም» ብትባሉም አይክፋችሁ። ብዙ ጊዜ እናንተን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው።

መጨረሻ ላይ «ውጤቱ ሲወጣ ላኩልኝ» ማለት አትርሱ። እኔ ብዬ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። አዲሱ መድኃኒት ከነባሩ አልተሻለም። እኔ ስወስድ የቆየሁትም ነባሩን ኖሯል። ደብዳቤውን ከሕክምና ወረቀቶቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ግፊቴ አሁን ደኅና ነው፤ ያው ነባሩን እየወሰድኩ ነው።