የ13 ዓመት ልጅ አንድ ውድድር ትያዝ ወይስ ሁሉንም ትሞክር? በኮሊን ጃክሰን ሰበብ የተነሳ ክርክር

የካርዲፉ አባት፦ ሰላም ለቤቱ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ዌልስ፣ ካርዲፍ ክለብ ገብታ ትሮጣለች። አሰልጣኟ "ገና ናት፣ አንድ ነገር አትያዝ" ብሎ አምስት ዓይነት ውድድር ያሠራታል፤ መሰናክል፣ ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ፣ ርዝመት ዝላይ፣ መጨረሻ ላይ 800 ሜትር። እኔ ደግሞ የሐበሻ ልጅ አሎሎ ምን ይሠራላታል፣ 1500 ላይ ትበርታ ባይ ነኝ። ሰውየው በተከራከርኩት ቁጥር የሚጠራብኝ የከተማውን ልጅ ኮሊን ጃክሰንን ነው። በዴካትሎን (የ10 ውድድሮች ድምር) ጀምሮ በ110 ሜትር መሰናክል የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘውን። እስቲ የምታውቁ ፍረዱኝ።

የድሮ ሯጭ፦ ወንድሜ፣ አሰልጣኙ ግማሹን ነው የነገረህ። ጃክሰን በዴካትሎን መጀመሩ እውነት ነው፤ ስም ያወጣው ግን ትቶት ነው! በ1986 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አቴንስ ላይ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆን 19 ዓመቱ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የዌልስን ማልያ ለብሶ ኤድንብራ ላይ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ብር። በ1988 ሴኡል ላይ ለብሪታንያ የኦሎምፒክ ብር፣ በ21 ዓመቱ። ምርኩዝና ጦር ተሸክሞ ሲዞር ቢቀር ኖሮ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?

የስፖርት መምህሯ፦ ያልገቡበትን መተው አለ እንዴ? 110 መሰናክልን እኮ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። 10 መሰናክል፣ እያንዳንዱ ቁመቱ 1.067 ሜትር፣ በመካከላቸው 9.14 ሜትር። በዚያች ክፍተት ሦስት እርምጃ ብቻ ትረግጣለህ፤ አራተኛው አየር ላይ ነው። የአጭር ርቀት ፍጥነት፣ የዘላይ ጉልበት፣ የሚታጠፍ ዳሌ፣ ምት የማይስት እግር አንድ ላይ ይጠይቃል። በ13 ዓመቱ "ይሄ ልጅ ለመሰናክል ተፈጥሯል" ብሎ ማን ይለየዋል? ዴካትሎን በሁለት ቀን 10 ውድድር ነው፣ መሰናክሉ የሁለተኛው ቀን መክፈቻ ነው። ልጁ እሱ ጋ የደረሰው በዚያ በር ነው። ጃክሰን በ1994 በአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና የ60 ሜትር መሰናክሉን ብቻ ሳይሆን ያለመሰናክሉንም 60 ሜትር አሸንፏል። አንድ ነገር ብቻ የሚችል ሰው እንዲህ አያደርግም።

የድሮ ሯጭ፦ እሺ፣ እንግሊዛዊቷን ካታሪና ጆንሰን ቶምፕሰንን እናንሳ። ሪዮ ኦሎምፒክ 2016፣ ሄፕታትሎን (የሴቶች 7 ውድድሮች ድምር) ውስጥ ከፍታ ዝላዩን 1.98 ዘለለች። ከቀናት በኋላ የከፍታ ዝላዩ ወርቅ በስንት ተወሰደ? በ1.97! እሷ ግን በሰባቱ ድምር 6ኛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች። አንዱን ይዛ ቢሆን ኖሮስ?

የስፖርት መምህሯ፦ "ቢሆን ኖሮ" ሜዳሊያ አያሰጥም። ያቺው ልጅ በ2019 ዶሃ፣ በ2023 ቡዳፔስት በሄፕታትሎን የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ ፓሪስ 2024 ላይም ብር። ደግሞ የተጠየቀው የ13 ዓመት ልጅ ነው፣ አንተ የ23 ዓመት ሴት ታመጣለህ።

የድሮ ሯጭ፦ 😂 እሱን ተቀበልኩ። አሎሎውን ግን አልተቀበልኩም።

ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔም ልግባ። ጃክሰንን ያሠለጠነው ማልኮም አርኖልድ ወደ ዌልስ ከመምጣቱ በፊት የት ነበር? ኡጋንዳ። ሙኒክ 1972 ላይ ጆን አኪ ቡዋ በ400 ሜትር መሰናክል፣ ያውም ኩርባው በሚጠብበት በመጀመሪያው መም፣ 47.82 ገብቶ ወርቅና የዓለም ክብረ ወሰን ሲወስድ አሰልጣኙ እሱ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ የኛ ማሞና ምሩፅ ነሐስ አግኝተዋል፣ በማራቶንና በ10 ሺህ። ጎረቤታችን መሰናክል ሲዘል እኛ አሁንም ከ800 ሜትር በታች አንድ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለንም። የ800ውም ቢሆን ጽጌ ዱጉማ ፓሪስ ላይ ያመጣችው የመጀመሪያው ነው። "የሐበሻ ልጅ" የሚባለው ነገር የደም ጉዳይ ነው ወይስ ያላስሞከርናቸው ጉዳይ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

የድሮ ሯጭ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ረጅም ርቀት ላይ የበረታነው አተኩረን አይደለም እንዴ?

ጋሼ፦ አገር ያተኩር። ልጅ ምን አጣደፋት?

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለ ክብረ ወሰን ስታወሩ ወጪውን ማንም አላነሳው። የኔ ትልቋ አምስቱን ውድድር ሁለት ዓመት ሠርታዋለች። የመሰናክል ጫማ ሌላ፣ የከፍታ ዝላይ ጫማ ሌላ፣ ልጅ ደግሞ በየስድስት ወሩ ያድጋል። ውድድሩ ቀን ሙሉ ነው፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት ገብተሽ ማታ ዝናብ ጠግበሽ ትወጫለሽ፤ አባቷ አሸዋ ሲያስተካክል፣ እኔ ሜትር ስይዝ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ 800ውን ሮጠው ሲገቡ ሁሉም መሙ ላይ በጀርባቸው ይዘረጋሉ፣ ከዚያ እየተጎታተቱ ይነሡና ተቃቅፈው ለወላጅ እጅ ይነሣሉ። አንደኛዋም የመጨረሻዋም። ልጄ በ1500 ስትሸነፍ መኪና ውስጥ እስከ ቤት አልቅሳ ነው የምትገባው። እዚያ ግን አሎሎው ቢበላሽባት "ገና ርዝመት ዝላይ አለ" ትለኛለች።

የድሮ ሯጭ፦ በዚህ ላይ መልስ የለኝም። እስከ 16 ዓመቷ ትሞክር፣ ከዚያ ግን ትምረጥ። ጃክሰንም በ1993 ሽቱትጋርት ላይ 12.91 የገባው፣ ሰዓቱም እስከ 2006 ሳይሰበር የቆየው፣ ከመረጠ በኋላ ነው። ይቺን አልለቃችሁም።

የስፖርት መምህሯ፦ አትልቀቃት፣ ማን ነጠቀህ?

የካርዲፉ አባት፦ ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ማታ ለራሷም አነበብኩላት። ስለ ጃክሰን ብዙም አልገረማት። "አባ፣ 1500 ስሮጥ ሁልጊዜ ሰዓት ይዘህ ትጮኽብኛለህ፤ ከፍታ ዝላይ ላይ ግን ምን ብለህ እንደምትጮህ አታውቅም" አለችኝ። ዝም አልኩ። የከፍታ ዝላይ ጫማ፣ በእንግሊዙ ቁጥር 5፣ የልጁ የጠበበበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።