አክተሩ ወንበዴ ቢሆንስ? የትኛው የአኒሜ ጀግና ነው የሚያስፈራችሁ?

የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)

ሰላም ለሁላችሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ያላስማማን ጥያቄ አለ። ከአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ጀግኖች አንዱ ክፉ ቢሆን በጣም የሚያስፈራው ማን ነው? ጉልበቱን አይደለም የምጠይቀው። የድራገን ቦሉ ጎኩ ቢከፋ ዓለም አለቀላት፣ እሱ ክርክር የለውም። ምን ቢደርስበት ነው የሚከፋው? የትኛው ጠባዩ ነው የሚዞረው?

እኔ ዴኩን እላለሁ። ማይ ሂሮ አካዴሚያ ሲጀምር፣ አብዛኛው ሰው ልዩ ኃይል ባለው ዓለም ልጁ ምንም ኃይል የለውም፣ ያለው ደብተር ነው። የጀግኖቹን ኃይል፣ አካሄዳቸውን፣ የት ላይ እንደሚደክሙ ሁሉ ይጽፋል። የክፍል ጓደኛው ባኩጎ ደብተሩን አቃጥሎ በመስኮት ወረወረው፣ በሚቀጥለው ሕይወትህ ኃይል እንድታገኝ ከጣሪያ ዝለል አለው። በዚያው ቀን የሚያመልከው ታላቁ ጀግና ኦል ማይት ራሱ ያለ ኃይል ጀግና መሆን አትችልም አለው። እንግዲህ ልጁ በዚያ ስሜት ቀጥ ብሎ ቤቱ ቢገባ ኖሮስ? ቡጢ አያስፈልገውም እኮ። የጀግኖቹ ድካም በሙሉ በእጅ ጽሑፉ ተጽፎ እሱ ጋ ነው ያለው።

ወንድሜ ግን "ዴኩ አያደርገውም፣ ልቡ ንጹሕ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። እናንተስ?

ሚሚ ዘደብረ ብርሃን

ዴኩ ቂም አይዝም፣ በአንድ ቀን ስድብ አይገለበጥም። እኔ ጎንን ነው የምፈራው፣ የሀንተር ኤክስ ሀንተሩን።

ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ወዳጁን ካይትን የጎዳችበትን ጠላቱን ፒቶን ያገኘባትን ቦታ አስታውሱ። ፒቶ ተንበርክካ ኮሙጊ የምትባለውን ዓይነ ስውር ልጅ ታክማለች፣ ጊዜ ስጠኝ ብላ ትለምነዋለች። ጎን፣ ያ ካገኘው ሁሉ ጋር ጓደኛ የሚሆን ልጅ፣ ካይትን ካላዳንሽልኝ ይቺን ልጅ እገድላታለሁ ይላል። ኮሙጊ ምን አደረገችው? ምንም። የልብ ጓደኛው ኪሉዋ ሊያረጋጋው ሲሞክር ደግሞ "አንተማ ምን አለብህ፣ አይመለከትህም" ብሎት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ኪሉዋ ፊት ላይ ያለውን ሳይ እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል።

በዚያ ሰዓት ጎን ሌላ ሰው ሆነ የሚሉ አሉ፣ እኔ አይመስለኝም። በሀንተር ፈተና ላይ ተጋጣሚው ሃንዞ እጁን ሲሰብረው "ተሸነፍኩ" አልልም ያለው ልጅ ነው። ያኔ ጎሽ ብለነው ነበር። ኮሙጊን መያዣ ያደረጋትም ያው ግትርነት ነው፣ አዲስ ነገር አልገባበትም። ለዚህ ነው ጀግናን ወደ ክፉ ለመቀየር ልቡን መቀየር አያስፈልግም የምለው፣ የሚወደውን አንድ ሰው መንጠቅ ይበቃል።

የመንዝ ልጅ

ሚሚ እህቴ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው የመታሽው። ግን የሚወደውን የተነጠቀ ሁሉ አይከፋም፣ በመሃል የገባ ሰው አለ ወይ ነው ጥያቄው። እኛ አገር ሰው ሲገደል ሽማግሌ ገብቶ ደሙን ካላደረቀ ነገሩ ከልጅ ልጅ ይተላለፋል። ደም ልመልስ ብሎ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ክፉው ልጅ አይደለም፣ ለወገኑ የሚቆረቆረው ነው።

የእኔ ምርጫ ናሩቶ ነው። መንደሩ በሙሉ ፊቱን ያዞረበት፣ ሆዱ ውስጥ ዘጠኝ ጭራ ያለው አውሬ የታሰረበት ልጅ። ያንን ትልቅ ሹሪከን (የሚወረወር ስለት) በጀርባው የተቀበለለት መምህሩ ኢሩካ ባይኖር ምን እንደሚሆን መገመት አያስፈልገንም፣ ታሪኩ ራሱ ጋራን አሳይቶናል። ጋራም አውሬ ታስሮበታል፣ እሱንም ሰው ይሸሸዋል። የሚወደው አንድ አጎቱ ነበር፣ እሱም በአባቱ ትእዛዝ ሊገድለው መጣ። የሁለቱ ልጆች ልዩነት ይኸው ነው። አንዱ አለኝታ አገኘ፣ አንዱ የነበረውን አጣ።

ሸዋሮቢት 07

ቢሆንስ እያላችሁ ምን ያደክማችኋል? የአታክ ኦን ታይታኑ ኤሬን ሆኖ አሳይቷል። ከውጭው ዓለም ሕዝብ 80 በመቶውን ጨረሰ። ከሁሉ የሚከብደኝ ራምዚ ነው። ኤሬን ይህን ትንሽ ልጅ ከድብደባ ያድነውና ቆይቶ ፊቱ ተንበርክኮ እያለቀሰ ይቅርታ ይለዋል፣ ገና ላላደረገው ነገር። ከዚያ አደረገው።

የጣርማበር ጉም (ደብረ ሲና)

የመንዙ ወንድሜ፣ በመሃል የሚገባው ሰው ራሱ ቢከፋስ?

ጁጁትሱ ካይሰን ላይ ጓደኛሞቹ ጌቶና ጎጆ ሪኮ የምትባለውን ልጅ ጠብቁ ተብለው ተገደለችባቸው። ጎጆ ሬሳዋን አቅፎ ቆሟል፣ ሞቷን የፈለጉት የአንድ እምነት ሰዎች ፈገግ ብለው ያጨበጭባሉ። ጎጆ "እነዚህን እንግደላቸው?" አለ። "ተው፣ ትርጉም የለውም" ያለው ጌቶ ነው። ያን ቀን ሽማግሌው እሱ ነበር። በኋላ የ112 ሰው መንደር የጨረሰውም እሱ። በመሃል ጎጆ "ከስተሃል፣ ደህና ነህ ግን?" ብሎት ነበር እኮ። የበጋው ሙቀት ነው አለው፣ አለፈ። የጌቶ ኃይል ክፉ መንፈስ እየዋጠ መግዛት ነው፣ የሚውጠው ሁሉ ትውከት የተጠረገበት ጨርቅ ይጣፍጠው ነበር፣ ለማንም አልተናገረም።

ስለዚህ ዴኩ ላይ እጸናለሁ፣ ጊዜውን ግን ወደ ኋላኛው ሲዝን እወስደዋለሁ። ብቻውን ሆኖ፣ ልብሱ ተቀዳዶ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሰው ሲያድን የሚዞርበት ጊዜ አለ። የክፍሉ ልጆች ተከትለው መጥተው መለሱት። ያን ቀን ባይደርሱለት መጀመሪያ ማንን የሚመታ ይመስላችኋል?

ሸዋሮቢት 07

ሲመልሱት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አታስገቡት ብሎ የጮኸውን ሕዝብ። ያዳነው እሱ ነው፣ ስማቸውን ባያውቅ ፊታቸውን ያውቃል።