ክርክር፦ 70/30 የትምህርት ቤቱን ሳይንስ አሳደገው ወይስ ዘለለው?

መምህር (ፊዚክስ፣ አዳማ)፦ ጥያቄውን እኔ ልክፈት። በ70/30 ፖሊሲ፣ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና ተወሰነ። ለምህንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ 40 በመቶ ተመደበ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፖሊሲው ከጣሪያው ጀመረ። መሠረቱ ያለው እኛ ጋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ለ60 ተማሪ አንድ ቮልትሜትር ይዤ ክፍል ገብቻለሁ። የሱም መርፌ አይንቀሳቀስም። የኦምን ሕግ በጠመኔ ነው ያስተማርኩት።

መሐንዲሷ (ኤሌክትሪካል)፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እናቴ ፍራንኮ አካባቢ ጉልት ትቸረችር ነበር። እኔ ምህንድስና የገባሁት በዚያ በተከፈተ በር ነው። መጀመሪያ ላብራቶሪው ይሟላ ቢባል ኖሮ እስከ ዛሬ እንጠብቅ ነበር። የኛው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ነው የተነሣው። ሁሉ ነገር ተሟልቶ አይጀመርም።

ጋሼ (ጡረተኛ የወርክሾፕ አስተማሪ)፦ ልጆቼ፣ ነገሩ ከ70/30 በፊት ነው የተበላሸው። በንጉሡ ዘመን ኮምፕሬሄንሲቭ የሚባሉ ሁለተኛ ደረጃዎች ነበሩ። ከቀለሙ ጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ የቤት አያያዝ፣ ንግድ ይሰጥ ነበር። በኋላ በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ጥናት መጣ። ለብዙኃኑ አጠር ያለ፣ ወደ ሥራ የሚያስገባ ትምህርት ይስፋፋ አለ። ሰው የሰማው ግን ሌላ ነው፦ «የድሃ ልጅ ከኮሌጅ ሊታገድ ነው!» በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም እዚያው ቀረ። ያ ፍርሃት ግን አልቀረም። ደርግ ፖሊ ቴክኒክ ብሎ ቀለሙን ከእጅ ሥራ ጋር ለማጣመር ሞከረ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሙያውን ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለብቻው አወጣው። ከዚያ ወዲህ ቴክኒክና ሙያ ውጤት ያልመጣለት የሚላክበት ቦታ ተደርጎ ታየ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወርክሾፕ ገብቶ መዶሻ ያልያዘ ልጅ ነው ኋላ ምህንድስና የምትመድቡት።

የፕላዝማ ዘመን ተማሪ፦ ፕላዝማውን ረሳችሁት እንዴ? እኛ 9ኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ፕላዝማ ቲቪ ይመጣ ጀመር። አስተማሪያችን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበራቸው። የቀረውን ከኛ ጋር ቆመው ያያሉ። ርዕሱን ጽፈን ሳንጨርስ ምሳሌው ያልፋል። እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማሩ ጓደኞቼ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባቸው። ቲቪው አይጠየቅ፣ አይደግም! ኬሚስትሪ የጠላሁት ያኔ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሱ እውነት ነው። ግን ቁጥርም እንይ። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ለይታችሁ ስታዩት ተፈጥሮ ሳይንስ 6.8፣ ማኅበራዊ 1.3 በመቶ ነው። ሳይንሱ ከሌላው ይሻላል።

መምህር፦ እህቴ፣ ተሻለ ያልሽው ከ100 ልጅ 93ቱ የወደቀበትን ነው። 70 በመቶውን ከየት ልናመጣ ነበር? ያለንን ልጅ ነው ወደ ላይ የገፋነው። ጠንካራውንም ደካማውንም፣ ኬሚስትሪ የጠላውንም። በርሽን ማንም አይዘጋም። ወደ በሩ የሚያወጣው ደረጃ ይሠራ ነው የምለው።

ጋሼ፦ ልክ ነው! ወርክሾፑም ይመለስ። ለወደቀው ሳይሆን ለሁሉም።

መሐንዲሷ፦ በሩ መከፈቱ ልክ ነበር፤ ከዚህ አልመለስም። ስለ ደረጃው ግን አምናለሁ። ሽቦ ገጥሜ መጀመሪያ የለካሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከጎኔ የነበሩትም እንደኔው ነበሩ። መምህር፣ ያ ቮልትሜትር አሁንም አለ? ቅዳሜ ፖስታ ቤት አካባቢ ነኝ። ይዘውት ይምጡ፣ ፈትቼ ልየው።