የድሮ መልክ ያለው የነብሩ ሲሪያል ካርቶን ከየት ላግኝ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ)

የደሴዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሚቀጥለው ወር 65 ዓመት ይሞላዋል። በፈረንጆቹ በ1982 በሱዳን በኩል ነው አሜሪካ የገባው፣ እኔ ያኔ ደሴ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። መጀመሪያ የላከልኝ ደብዳቤ ውስጥ ከቁርስ ሲሪያል ካርቶን ላይ በመቀስ የቆረጠውን የነብር ፊት አጥፎ ከቶልኝ ነበር፣ ብርቱካናማ ፊት፣ ሰማያዊ አፍንጫ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ። ግድግዳው ላይ ከጋዜጣው ጋር በሊጥ ለጠፍኩት። የሰፈር ልጆች እየመጡ "ይሄማ ነብር አይደለም፣ ነብር ዥንጉርጉር ነው፣ ይሄ ሸንተረር ነው ያለው" እያሉ ያደርቁኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ወንድሜ ነብር ነው ካለ ነብር ነው። ቤቱ ሲታደስ ከነጋዜጣው ተላጠና ሄደ። አሁን የዚያን ዘመን የፍሮስትድ ፍሌክስ ሙሉ ካርቶን አግኝቼ በመስታወት አድርጌ ልሰጠው አስቤያለሁ። የዛሬው ነብር ግን ትከሻው ሰፍቶ ጡንቸኛ ሆኗል፣ እሱ አይደለም። ኩባንያዎቹ አንዳንዴ የሚያወጡት የድሮ መልክ ያለው አዲስ ካርቶን ይሻለኛል ወይስ ኦሪጅናሉን ልፈልግ? የምትተማመኑበት ሱቅ ንገሩኝ። በጀቴ እስከ 80 ዶላር ነው።

ታርጌት ወዳጅ፦
ታርጌት ሂጂ። በ2013 ለሃሎዊን የጭራቆቹን ሲሪያሎች፣ ካውንት ቾኩላን፣ ፍራንከን ቤሪን፣ ቡ ቤሪን የድሮ መልክ ባለው ካርቶን ያወጣው ታርጌት ብቻ ነበር፣ እኔ ሁሉንም ገዝቼ ካርቶኖቹ እስካሁን ፍሪጅ ላይ አሉ።

የደሴዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ግን እነዚያ የጄኔራል ሚልስ ናቸው፣ የኔ ነብር የኬሎግ ነው። ደግሞ አሁን ሃሎዊን አይደለም።

ታርጌት ወዳጅ፦
ይሁን፣ አንዴ ጎራ በይ። እኔ ታርጌት ገብቼ ባዶ እጄን ወጥቼ አላውቅም።

የአርሊንግተኑ፦
እህቴ ኦንላይን ከመግዛትሽ በፊት የኔን ስሚ። ባለፈው ዓመት "የ1960ዎቹ ኦሪጅናል ካርቶን" ብሎ ለጥፎ ለነበረ አንድ ሻጭ 140 ዶላር ከፈልኩ። ፎቶው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እኔም ሞኝ ሆኜ ሌላ ጎኑን አሳየኝ አላልኩም። ሲመጣ ስከፍተው ውስጡ እንደ ወረቀት ነጭ፣ የታጠፈበት ጠርዝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ፣ የሙጫው ሽታ ገና አልወጣም። ገልበጥ ሳደርገው ባርኮድ አለው። ሻጩን ሳናግረው "ሬትሮ፣ የድሮ መልክ ያለው አዲስ፣ ነው ያልኩት" ብሎ ማስታወቂያውን ቀይሮ ጠበቀኝ። ገንዘቤን ለማስመለስ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ፣ የተመለሰልኝም ግማሹ ነው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሚሚ ቡና፦
ኧረ በስመአብ! ማነው ሻጩ? ስሙን ጻፍና እንጠንቀቅ።

የአርሊንግተኑ፦
ስሙን አልጽፍም፣ አካውንቱን ቀያይሮ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳላላክክ።

ድሮና ዘንድሮ፦
በክሬዲት ካርድ ነው የከፈልከው በዴቢት? በክሬዲት ከሆነ ባንኩ ጋር ደውለህ ዲስፒውት ማድረግ፣ ማለትም ክፍያውን መቃወም ነበረብህ፣ እኔ ለስልክ ኮቨር እንኳን አድርጌያለሁ።

የአርሊንግተኑ፦
በዴቢት።

ድሮና ዘንድሮ፦
እሱ ነው ጥፋቱ።

የአርሊንግተኑ፦
ጥፋቱማ የሱ ነው፣ ያታለለኝ ሰው እያለ እኔን ትወቅሳለህ እንዴ።

ጋራዡ ሞልቷል፦
እኔ ምለው፣ ለባዶ ካርቶን 140 ዶላር? ጋራዤ ውስጥ የአማዞን ካርቶን እስከ ጣሪያ ደርሷል፣ ለወገን በቅናሽ እሰጣለሁ፣ ባርኮዱም አብሮ ነው።

የልጆች እናት፦
እኔ ግን ከካርቶኑ ይልቅ ውስጡ ነው የሚያሳስበኝ። የፍሮስትድ ፍሌክስ አንድ ሳህን፣ 37 ግራም፣ ውስጥ 12 ግራም የተጨመረ ስኳር አለው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል አንብቡት። ቺሌ እኮ በ2016 ስኳር የበዛባቸው ምግቦች ላይ ለልጆች የሚሳሉ እንስሳትን ከልክላ ነብሩንም ከካርቶኑ አውጥታዋለች። ልጄ ሱቅ ውስጥ የምትለምነኝ ሲሪያሉን አይደለም፣ እንስሳውን ነው። ጠዋት ቅንጬ በቅቤ ስጧቸው፣ ካልሆነ በሶ።

ሚሚ ቡና፦
እውነትሽን ነው፣ ግን የጠየቀችው ለሚበላ አይደለም እኮ፣ ለትዝታ ነው።

ከአሽዶድ፦
እኔ ከእስራኤል ነኝ፣ የናንተን አካባቢ አላውቅም፣ ግን ስለ ካርቶን ስታወሩ ሆዴ ባባ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስንመጣ ሆቴል ውስጥ ነው ያሳረፉን፣ ጠዋት ጠዋት ኮርንፍሌክስ ይቀርባል። እናቴ ቆሎ መስሏት እየዘገነች ደረቁን ትበላ ነበር፣ ወተት አፍስሺበት ሲሏት "ቆሎ ማን በወተት ያርሳል" ትላለች። እህቴ፣ ለወንድምሽ የምትሰጪው ትልቅ ነገር ነው፣ በርቺ።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
የደሴዋ፣ ጥያቄሽ ስለተረሳ ልመልስልሽ። እኔ ማተሚያ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንደዚህ ያሉ ካርቶኖችም እሰበስባለሁ። ዘመኑን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከካርቶኑ ነው የምታውቂው። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1974 ሰኔ ወር ትሮይ ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ አንድ ማስቲካ ላይ። ስለዚህ የአርሊንግተኑ ወንድማችን "የ1960ዎቹ" ተብሎ ባርኮድ ያለው ሲመጣለት እዚያው ላይ አልቆ ነበር። ላንቺ ግን በተቃራኒው ነው፣ ወንድምሽ በ1982 ነው የገባው፣ ስለዚህ ያንቺ ካርቶን ባርኮድ ቢኖረው አትደንግጪ፣ ከሌለው ነው እሱ ካየው ይልቅ ያረጀ ሊሆን የሚችለው። ሁለተኛ፣ ጎኑ ላይ በጥቁር መስመር የታጠረው "ኑትሪሽን ፋክትስ" የሚለው የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ግዴታ የሆነው በ1994 ነው። እሱ ካለበት ሻጩ ምን ቢምል ቢገዘት የ82 አይደለም። "አዲድ ሹገር"፣ የተጨመረ ስኳር፣ የሚል መስመር ካለበት ደግሞ ጭራሽ የቅርብ ነው፣ ያ መስመር የመጣው በ2016 በወጣው ደንብ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ስሙን እይ። ሲሪያሉ በ1952 ሲወጣ ስሙ "ሹገር ፍሮስትድ ፍሌክስ" ነበር፣ "ሹገር" የሚለውን ያነሱት በ1983 ነው። ወንድምሽ የቆረጠው ካርቶን ላይ ያ ቃል የነበረ ይመስለኛል፣ ደብዳቤው የተላከበትን ወር ካወቅሽ ይጠቅምሻል። ውስጡን ደግሞ ክፈቺው፣ የሲሪያል ካርቶን ውስጡ ግራጫ ነው፣ እንደ ፎቶ ወረቀት ከነጣ ትናንት የታተመ ነው።

የደሴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይሄ ነበር የጠፋኝ። ደብዳቤው ለፋሲካ ነው የደረሰኝ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ወራት ይቆይ ነበር። ነብሩ ራሱስ ተቀይሯል አይደል? እኔ ትዝ የሚለኝ ፊቱ ሳቂታ ነው።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። በ1952 ሲጀመር ቀጭን ነበር፣ ጭንቅላቱ እንደ አሜሪካ ፉትቦል ኳስ ሞላላ፣ በአራት እግሩ የሚሄድ። ደግሞ ብቻውን አልነበረም፣ ኬቲ የምትባል ካንጋሮም ካርቶኑ ላይ ነበረች፣ ቶሎ አወጧትና እሱ ቀረ። በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እየቆየ ትከሻው ሰፋ። ሰማያዊ አፍንጫውና ቀዩ ሻሽ ግን አሉ፣ እሱን በደንብ አስታውሰሻል።

ፍሩት ሉፕስ፦
ስለ መቀየር ካነሳችሁ የኔን ወፍ አታንሱብኝ። የፍሩት ሉፕስ ካርቶን ላይ ያለውን ቱካን ሳምን በ2020 ምን እንዳደረጉት አይታችኋል? ያንን የሚያምር ባለቀለም መንቁር ወስደው አፍና መንቁር አንድ ላይ አዋህደውት፣ ሰው ጮኾ ጮኾ ነው ወደ ድሮው መልኩ የመለሱት። እኔ በዚያ ወፍ ነው እንግሊዝኛ የለመድኩት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከቴሌቪዥን ፊት አልነሳም ነበር። አሁን ደግሞ በ2025 ፌሬሮ፣ የኑቴላው፣ የሲሪያሉን ድርጅት ኬሎግን ገዝቶታል፣ እነሱ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ እፈራለሁ። የልጅነትን ፊት ባይነኩት ምን አለበት።

አሌክሳንድሪያ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አሌክሳንድሪያ የኛ ልጅ የከፈተው ማተሚያ ቤት አለ፣ የሠርግ ካርድ፣ የለቅሶ ባነር፣ የማኅበር ካላንደር ሁሉንም እሱ ነው የሚሠራልን። ፎቶውን ላኪለት በ25 ዶላር ካርቶን አድርጎ ያትምልሻል።

የአርሊንግተኑ፦
እኔን ያቃጠለኝ እኮ ይሄው ነው፣ ታትሞ ኦሪጅናል መባሉ።

አሌክሳንድሪያ፦
እሱ አያታልልም፣ ቆፍጣና ልጅ ነው። ወገንን እንደግፍ።

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን የኩባንያ ምልክት ያለፈቃድ ማተም እሱንም ችግር ውስጥ ያስገባዋል። ደግሞ ወንድሟ ያንን ካርቶን በእጁ ይዞ ያውቃል፣ ሲነካው ይለየዋል።

አሌክሳንድሪያ፦
እኔ በሱ ቃሌን እሰጣለሁ፣ የልጄን ክርስትና ካርድ ያየ ሰው ሁሉ ስልኩን ወስዷል።

ድሮና ዘንድሮ፦
የደሴዋ፣ ቅዳሜ ቀን ሜሪላንድ ፍሬድሪክ ከተማ ውጪ፣ እዚያ የጥንት ዕቃ ሱቆች ተደርድረዋል፣ ዕቃውን በእጅሽ አገላብጠሽ ነው የምትገዪው። ኢቤይ ላይ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋውን፣ ማለትም ሳይሞላ የቀረውን ወይም ተዘርግቶ የተቀመጠውን ፈልጊ፣ ለፖስታም ይቀላል፣ ለመስታወትም ይመቻል። ስድስቱንም ጎን ፎቶ ላክልኝ በይው። ካልላከ ተይው። በክሬዲት ካርድ ክፈይ። የአርሊንግተኑ፣ አንተንም ይቅርታ፣ ቅድም ቃሌ ከረረ።

የአርሊንግተኑ፦
ምንም አይደል ወንድሜ። ያ የውሸት ካርቶን አሁንም እኔ ጋ አለ፣ የደሴዋ ፍሬድሪክ ከሄድሽ ይዘሽው ሂጂና ከኦሪጅናሉ ጋር አስተያዪው፣ ነይና ውሰጂ፣ ቢያንስ ለዚህ ይጥቀም።

የደሴዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንብቤ አንብቤ እንባዬ መጣ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ነው ልሰቅልለት ያሰብኩት፣ ይጠፋል ወይ ቀለሙ?

ማተሚያ ቤት የሠራሁ፦
መስኮት አጠገብ በፍጹም። ፀሐይ መጀመሪያ የሚበላው ቢጫውንና ቀዩን ነው፣ ነብሩ ብርቱካናማ የሆነው ደግሞ በሁለቱ ነው። በጥቂት ዓመት ፊቱ ነጥቶ ሰማያዊው ካርቶንና ሰማያዊው አፍንጫ ብቻ ይቀሩሻል። ፀሐይ የማይደርስበት ኮሪደር ላይ ስቀዪለት፣ መስታወቱንም ዩቪ፣ ማለትም ቀለም የሚያጠፋውን የፀሐይ ጨረር የሚከላከለውን አድርጊ።

ታርጌት ወዳጅ፦
ፍሬሙን ታርጌት ታገኛለሽ።