ከውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲስተሙን መመለስ አቃተኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

የቢሮአችን ሂሳብ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ በ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ተተክቷል። ከብልሽቱ በፊት የተወሰደው የሙሉ ሲስተም ባክአፕ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ደኅና ነው።

ይህ ዲስክ በራሱ ኮምፒውተሩን ስለማያስነሳ፣ በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሥቼ ከጥገናው ክፍል የሲስተም ኢሜጅ (የሙሉ ሲስተሙ ግልባጭ) መመለሻውን ከፈትሁ። ባክአፑን ከነቀኑ ያሳየኛል፤ ነገር ግን መመለሱን ስጀምር ተስማሚ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ያቆማል። አሮጌው ሲስተም በዩኢኤፍአይ (አዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ዘዴ) ይነሣ ስለነበር ፍላሹም በዚያው መንገድ መነሣቱን አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ምክንያቱ የመጠን ልዩነት ይመስለኛል፤ በመረጃ የተያዘው ቦታ 180 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም፣ መመለሻው ከቀድሞው ያላነሰ ዲስክ ይጠይቃልና (ግትርነቱ በእውነት ያስገርማል)።

በባክአፑ ውስጥ ያለውን የቪኤችዲኤክስ ፋይል (የዲስኩን ይዘት የያዘውን) በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ዲስክ ከፍቶ ሰነዶቹን ብቻ መቅዳት እንደሚቻል አውቃለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሂሳብ ፕሮግራሙ ከነፈቃዱና ከነቅንብሩ መመለሱ ነው። ባክአፑ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነም በእርሱ ላይ መሞከር አልደፈርሁም።

የፋይሉን ግልባጭ ከፍቶ ክፍልፍሉን (ፓርቲሽኑን) ማሳነስ፣ ወደ ኤስኤስዲው ማዛወርና የማስነሻውን ክፍል እንደገና መሥራት አስተማማኝ መንገድ ነው? ወይስ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ተውሼ መጀመሪያ እዚያ ላይ መልሼ፣ ካሳነስሁት በኋላ ወደ ኤስኤስዲው ብገለብጠው ይሻላል? ይህን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው የደረጃዎቹን ቅደም ተከተልና የተጠቀመበትን ፕሮግራም እንዲነግረኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።