ለወጣቶች ስለሚዘጋጀው የልብ ወለድ መድበል የጋራ ሐሳባችንን ለመቅረጽ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት፣ ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች ስለ አቻ ግፊትና ስለ ሥነ ምግባር ምርጫ የሚተርክ የልብ ወለድ መድበል ለማሳተም ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ በጋራ እንቀርጻለን። የመጀመሪያው ረቂቅ እንደሚለው መድበሉ አምስት ታሪኮች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ታሪክ ኩረጃን፣ ጫትን፣ መጠጥን፣ የስፖርት ውርርድን ወይም የማኅበራዊ ሚዲያን ጉዳት ያሳያል፤ በየታሪኩ መጨረሻም የሚገኘው ትምህርት በአጭር አንቀጽ ይሰፍራል። ሐሳቡ የሁላችንም ሆኖ እንዲወጣ እያንዳንዳችሁ የምትስማሙበትንና የማትስማሙበትን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የአማርኛ መምህርት፣ ቢቸና

ሰብሳቢያችን ረቂቁን አዘጋጅተው ስላቀረቡልን እያመሰገንኩ፣ በአወቃቀሩ ላይ ግን መሠረታዊ ተቃውሞ አለኝ። ታሪኮቹን በመጥፎ ልማዶች ስም ከከፋፈልናቸው አንባቢው ገና ርእሱን ሲያይ መጨረሻውን ያውቀዋል። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ገንዘብ የሚረጭ ጓደኛ በሁለተኛው ገጽ እንደመጣ «ይሄ ያበላሸዋል፣ በኋላ ይጸጸታል» ብለው ይዘጉታል፤ ፍርዳቸውም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ለእነሱ የተወላቸው የሚመረጥ ነገር የለም።

ኩረጃን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው በኩረጃና በፈተና መሰረቅ ምክንያት እንደነበረ፣ በዚያው ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩም ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ኩረጃ ጥፋት መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ጎበዙ ልጅ ወረቀቱን በክንዱ ሲሸፍን የሚሰጠው ስም «ንፉግ» ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» እየተባለ ያደገ፣ የወላጆቹን እርሻ ጎረቤት በደቦ ሲያጭድ ያየ፣ ከጓደኛው ጋር ከአንድ ቤት ተከራይቶ የአንዱን ቤት ስንቅ ለሁለት የሚበላ ልጅ፣ በፈተና ቀን «አንዴ አሳየኝ» ሲባል እምቢ ማለት የሚከብደው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ቸርነትን በሚገባ ስለተማረ ነው። ታሪካችን ይህን ልጅ ከያዘ ከእውነተኛው ጭንቀት ጋር ይገናኛል። በአንድ በኩል ቸርነት፣ በሌላ በኩል ሐቀኝነት ቆመው ልጁ ከሁለቱ አንዱን መጉዳት ግድ ሲሆንበት አንባቢው «እኔ ብሆንስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩን ከመጥፎ ማስመረጥ ቀላል ስለሆነ፣ የጋራ ሐሳባችን ታሪኮቹ በጎውን ከበጎ ጋር እንዲያጋጥሙ በግልጽ እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።

የሥነ ልቡና መምህር፣ ባሕር ዳር

በእኅታችን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በሙያዬ በኩል የማውቀውም ይህንኑ ይደግፋል። ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ልጆችን፣ ወጣቶችንና አዋቂዎችን በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ ፈትነው ነበር። እኩዮቻቸው አጠገባቸው የነበሩ ልጆች ብቻቸውን ከተፈተኑት ይልቅ ለአደጋ ሲጋለጡ፣ 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የምንረዳው ልጆቹ የሚጎድላቸው የጉዳቱ ዕውቀት አለመሆኑን ነው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ በደንብ የሚያመዛዝኑት ልጆች በባልንጀሮቻቸው ፊት ሚዛናቸው ይለወጣል። ስለሆነም በየታሪኩ ግርጌ የጉዳት ማስጠንቀቂያ መጻፍ የሚያውቁትን መልሶ መንገር ይሆናል።

ለድርሰቱ አሠራር ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅም ሌላ ጥናት አለ። ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው የታወቀ ሙከራ ተሳታፊው የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽር ሲጠየቅ፣ ሌሎቹ ከአጥኚው ጋር አስቀድመው በተስማሙት መሠረት በግልጽ የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር። በእነዚህ ወሳኝ ጥያቄዎች ላይ ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ ከስህተተኛው ብዙኃን ጋር የተስማሙ ነበሩ። ሆኖም ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር የተሳታፊው መሸነፍ ወደ ቀድሞው አንድ አራተኛ ገደማ ዝቅ ብሏል። ይህን ስናስብ፣ ታሪኮቻችን ሁሉ ብቻውን በቆመ ጀግና ላይ መመሥረት የለባቸውም። «እኔም አልስማማም» የሚል ሁለተኛ ልጅ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ የታሪኩን አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል። አብዛኛው አንባቢ ጀግና መሆን ባይችል እንኳ ያ ሁለተኛ ልጅ መሆን ይችላልና፣ ከአምስቱ ታሪኮች ቢያንስ አንዱ በእሱ ዓይን ቢተረክ እመርጣለሁ።

ደራሲ፣ ሞጣ

በረቂቁ ውስጥ ያሉት አምስት ርእሶች በየትኛውም ከተማ ሊጻፉ የሚችሉ ናቸው። በእኛ አገር አንድን ወጣት ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው የእኩዮች ግፊት ግን በመካከላቸው የለም፤ እሱም ደም መመለስ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ልጅ ሽማግሌዎች ዕርቅ እያወረዱ ሳለ፣ በሠርግ ላይ እኩዮቹ ሲፎክሩና ሲያቅራሩ ስንኙን ወደ እሱ ያዞሩታል። ማንም «ሂድና ግደል» አይለውም፤ ዝም ብሎ ከጭፈራው ክብ ቦታ ይነፈገዋል፣ ጠመንጃ የያዙት ጓደኞቹ እሱ ሲቀርብ ወሬያቸውን ይለውጣሉ። በሌላ ወገን ደግሞ የገዳዩ ታናሽ ወንድም የክፍል ጓደኛው ሊሆን ይችላል። ይህን ታሪክ ከጉዳዩ ጋር የኖረ ሰው ካልጻፈው ማንም አይጽፍልንምና፣ በመድበሉ ውስጥ ረጅሙ ታሪክ ይህ እንዲሆን፣ የመጠጡና የጫቱ ርእሶች ደግሞ ራሳቸውን ችለው ከመቆም ይልቅ በሌሎቹ ታሪኮች ውስጥ እንደ ሕይወት አካል እንዲገቡ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ ዳንግላ

የወንድማችን ሐሳብ ከባድና ትክክለኛ ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን እንዲጨመሩበት እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ግፊቱ ከወንዶች ፉከራ ብቻ አይመጣም፤ በለቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾም ልጁን ይወጋዋል። እናቱ ወይም እኅቱ ምን እንደምታወርድ፣ ምንስ ለማውረድ እንደምትፈራ ካላሳየን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ሁለተኛው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ዛሬም ደም ያለባቸው ቤተሰቦች ስላሉ የቀበሌ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የታወቀ ድርጊት የሚያስታውስ ዝርዝር ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በዕርቅ ሥራ የቆዩ ሽማግሌዎች ቢያነቡት መልካም ነው።

ስለ ሴት ልጆች ረቂቁ ምንም አላለም። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑ ተደንግጓል፤ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የሚጻፉ ታሪኮችም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አባትና አዳኝ መምህር ያሉባቸው ናቸው። እኔ በሥራዬ የማያቸው ልጃገረዶች ግን ግፊቱን በብዛት የሚሰሙት ከእኩዮቻቸው ነው። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ተድረው ውኃ ስትቀዳ ብቻዋን የቀረች፣ «ቆማ ቀረች» እንዳትባል የምትሰጋ፣ ምናልባትም ሽማግሌ የላከውን ልጅ የማትጠላው የ16 ዓመት ልጅ አለች። መምህሯ መጥቶ ባያድናት፣ ውሳኔው የእሷ ቢሆን፣ ትምህርቷን ብትመርጥ ደግሞ የምታጣው ነገር በሐቀኝነት ቢነገር፣ አንባቢዎቻችን የተከበሩ ሆነው ይሰማቸዋል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደጀን

በታላላቆቼ መካከል እንድጽፍ ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ኩረጃ የተጻፈው ልክ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ጉዳዩ ከአጤሬራ አልፏል። «የፈተናው መልስ በቴሌግራም ሊለቀቅ ነው፣ ገንዘብ እናዋጣ» የሚል ወሬ በክፍል ውስጥ ሲነሳ የማያዋጣው ልጅ ንፉግ ብቻ አይባልም፤ ጠቋሚ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። መልሱ ሐሰተኛ እንደሆነ ቢያምን እንኳ ብዙ ልጅ የሚያዋጣው ላለመጠርጠር ነው። ስለዚህ ታሪኩ «ለመምህር ልንገር ወይስ ዝም ልበል?» የሚለውን ጥያቄ ቢይዝ እኛ የምንኖረው እሱን ነው። አንድ ተጨማሪ ልመና አለኝ፤ የሚገፋፋው ልጅ መጥፎ ሰው ተደርጎ አይሳል። እኔን ወደ ስህተት ሊመራኝ የሚችለው በጣም የምወደው ጓደኛዬ ነው፤ የማልወደው ልጅ ቢጠይቀኝማ እምቢ ማለት አይከብደኝም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

የተማሪያችን የመጨረሻ ቃል ለጸሐፊዎቹ በሚሰጠው መመሪያ ላይ እንዳለ እንዲገባ እደግፋለሁ። ከእኔ በኩል የሚኖረው ስለ ሥርጭቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ፣ መጽሐፉን በትምህርት ቤት በኩል ብቻ ለማድረስ ማቀድ ብዙውን አንባቢ መተው ይሆናል። ታሪኮቹ በተናጠል በትንንሽ ጥራዝ ቢታተሙ በፎቶ ኮፒ ሊባዙ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ በመስጊዶችና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጡ ይችላሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቹ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ የማንበብ ልምዳቸው እየሳሳ ነውና፣ አንዱ ታሪክ ከ40 ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል።

የቅኔ መምህር፣ ደብረ ኤልያስ

ልጆቼ፣ እስካሁን የተጻፈውን በጥሞና አንብቤያለሁ። በጎውን ከበጎ ጋር ማጋጠም የሚለው ሐሳብ መልካም ሆኖ ሳለ ስጋት አሳድሮብኛል። ሁለቱም ወገን እኩል በጎ ከሆነ ወጣቱ «እንግዲያስ ያሻኝን ባደርግ ልክ ነኝ» ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋ እፈራለሁ። መግደል ክፉ ነው፤ ይህን ለማለት ማፈር የለብንም። ትምህርቱን የሚያጠቃልለው አንቀጽ እንዳይቀር በመጀመሪያ የፈለግኩትም ለዚህ ነበር።

ሆኖም ስለዚህ ነገር ሳስብ የጴጥሮስ ታሪክ ታወሰኝ። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ከሌሎች ጋር እሳት እየሞቀ ሳለ ያስካደው ሰይፍ ወይም ፍርድ ቤት አልነበረም፤ አንዲት ገረድና በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ናቸው። ዶሮ ሲጮህ ወደ ውጭ ወጥቶ መራራ ልቅሶ ማልቀሱን ወንጌሉ ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ «ስለዚህ እናንተም አትካዱ» የሚል ማጠቃለያ አልጻፈም። ታሪኩ ግን መካድን በጎ ነው አላለም፤ ፍርዱ በልቅሶው ውስጥ አለ። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ስብከቱ ይቅር፣ መዘዙ ግን አይቅር የሚል ነው። ልጁ የመረጠው ምርጫ በእሱም በሌላውም ላይ ያመጣው ነገር እስከ መጨረሻው ይታይ፤ ጸሐፊው ልጁን ሊያድነው ብሎ መዘዙን በአጋጣሚ አያጥፋበት፣ ሊቀጣው ብሎም በድንገተኛ አደጋ አይግደለው።

የአማርኛ መምህርት፣ ቢቸና

የኔታ፣ ያነሡት ስጋት የእኔን ሐሳብ አስተካክሎታል፤ «በጎውን ከበጎ ጋር» የሚለው «የምርጫው መዘዝ ሳይሸፈን» ከሚለው ጋር አብሮ ይጻፍ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የተሳሳተ ምርጫ ያደረገ ባለታሪክ የሚመለስበት መንገድ እንዲኖረው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ አስቀድመው ኮርጀዋል፣ አንዳንዶቹም ትዳር ይዘዋል፤ መጽሐፉ ለእነሱም የተጻፈ መሆን አለበት።

ደራሲ፣ ሞጣ

ስለ ቀበሌና ስለ ቤተሰብ ስም የተሰጠውን ማሳሰቢያ ተቀብያለሁ። የእናቲቱ ሙሾ እኔ ያላሰብኩት ቁም ነገር ስለሆነ ታሪኩን በእሱ መክፈት ይቻላል፤ ለዚህም የዳንግላዋ እኅታችን አብራኝ ብትሠራ ደስ ይለኛል።

ሰብሳቢ፣ ደብረ ማርቆስ

የሁላችሁንም አስተያየት አካትቼ የረቂቁን ዋና አንቀጽ እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ።

«ማኅበራችን ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች አራት ታሪኮችን፣ እያንዳንዳቸው ከ40 ገጽ ሳይበልጡ፣ በተናጠል ጥራዝ ለማሳተም ያቅዳል። ታሪኮቹ በፈተና ወቅት ስለሚነሳ የጓደኝነትና የሐቀኝነት ጥያቄ፣ ደም ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ስላደገ ወጣት፣ ጓደኞቿ ስለተዳሩባት ልጃገረድ፣ እንዲሁም በውርርድ ገንዘቡን የጨረሰ ጓደኛውን ስለሚደግፍ ልጅ ይተርካሉ፤ ከአራቱ አንዱ ከዋናው ባለታሪክ ጎን በቆመ ሁለተኛ ልጅ ዓይን ይነገራል። ገፋፊው እንደ ጠላት አይሳልም፤ ምርጫው የባለታሪኩ ይሆናል፤ መዘዙ ሳይሸፈን ይታያል፤ የተሳሳተም መመለሻ ይኖረዋል። በታሪኮቹ መጨረሻ የትምህርት ማጠቃለያ አይሰፍርም፤ በምትኩ ለመምህራንና ለንባብ ክበብ አስተባባሪዎች የመወያያ ጥያቄዎች በተለየ ወረቀት ይዘጋጃሉ።»

የማኅበራዊ ሚዲያው ርእስ በፈተናው ታሪክ ውስጥ በቴሌግራሙ መዋጮ በኩል ስለገባ ለብቻው አልተያዘም። የፈተናውን ታሪክ የቢቸናዋ መምህርት ከደጀኑ ተማሪ ጋር፣ የደሙን ታሪክ የሞጣው ደራሲ ከዳንግላዋ እኅታችን ጋር ይጀምራሉ። የመወያያ ጥያቄዎቹን የሥነ ልቡና መምህራችን፣ የሥርጭቱን ዕቅድና የኅትመት ወጪ ግምቱን የፍኖተ ሰላሙ ባለሙያ ያዘጋጃሉ፤ የኔታም የደሙን ታሪክ የሚያነቡ ሽማግሌዎችን እንዲያነጋግሩልን እንለምናለን። ለውርርዱና ለልጃገረዷ ታሪክ ጸሐፊ ገና ስላልተገኘ፣ ፈቃደኛ የሆነ አባል ባለታሪኩ የሚገጥመውን ምርጫ በአንድ ገጽ ጽፎ እስከሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ።