ከክላስ ውጪ ያለው የካምፓስ ሕይወት ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ሴሚስተር ጀምረናል። ውጤቴ ደህና ነው፣ እሱ አያሳስበኝም። ቀኔ ግን ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ዶርም ብቻ ሆኗል። ክላስ ውስጥ አጠገቤ ከሚቀመጡት ልጆች ጋር እንኳ ከሰላምታ አላለፍንም። ዓመቱ ሲጀመር ክለቦች ሲያስተዋውቁ ሦስቱ ጋ ተመዝግቤ ነበር። የአንዱ ስብሰባ ላይ ሄድኩና ሁሉም ሰው ከድሮም የሚተዋወቅ መሰለኝ፣ ጥግ ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ሳያልቅ ወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ የትም አልሄድኩም። አሁን ዓመቱ ተጋምሷል፤ በዚህ ሰዓት ብሄድ ማን ይቀበለኛል እላለሁ። እናንተ እንዴት ገባችሁ? ለዓይን አፋር ሰው የሚሆን መንገድ አለ? ጥናቴንስ አይጎዳብኝም?

አምና የተመረቀ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ያ ስብሰባ ላይ ያየሽው ነገር የብዙዎቻችን ነው። እኔ የሄድኩት ድራማ ክለብ ነበር። መድረክ ላይ መውጣት ፈጽሞ አልፈልግም፣ ግን ቲያትር እወዳለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው አንዷ ሲኒየር መጥታ «ጽሑፉን ይዘህ ተከታተልልን» አለችኝ። ልምምድ ላይ ተዋናዮቹ ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የማስታውሳቸው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ተቀየረ። ከዚያ በፊት ብቀር ማንም አያውቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን አምስት ደቂቃ ስዘገይ «የት ደረስክ?» የሚል ስልክ ይደወላል። ወሬ ለመጀመርም መጨነቅ ቀረ፣ ሥራው ራሱ ያስወራል።

ስለዚህ የምመክርሽ አባል ሁኚ ብቻ አይደለም፣ ሥራ ያዢ። ትንሽ ሥራ። ወንበር መደርደር፣ ስም መመዝገብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ፖስተር መለጠፍ። ለዓይን አፋር ሰው ሥራ ይዞ መቆም ባዶ እጅን ከመቆም በጣም ይቀላል። ዓመቱ ተጋመሰ ላልሽው ደግሞ፣ ክለቦች ሰው የሚያጡት አሁን ነው። መጀመሪያ ላይ የተመዘገበው ሁሉ የሚድ ፈተና ሲመጣ ይበተናል፣ የቀሩት ጥቂት ልጆች ሥራው በዝቶባቸው ነው የምታገኛቸው። «ምን ላግዝ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ለእነሱ እፎይታ ነው።

የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ ሰዓቱን ልጨምርበት። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 ያወጣው ጥናት አለ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጓደኛ ለመባባል ስንት ሰዓት አብረው ማሳለፍ አለባቸው ብሎ ነው የጠየቀው። ለቀላል ጓደኝነት ወደ 50 ሰዓት፣ ለጓደኝነት ወደ 90፣ ለቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 በላይ ሆኖ አገኘው።

እስቲ አስቢው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሁለት ሰዓት ስብሰባ ብትሄጂ፣ ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ቢሆን፣ አንድም ሳትቀሪ 32 ሰዓት ብቻ ነው። 50 እንኳ አልሞላም። አንቺ ደግሞ አንድ ስብሰባ ላይ፣ እሱንም ሳታጋምሺ፣ ሰዎቹ አልተቀበሉኝም ብለሽ ወጣሽ። አልተቀበሉሽም ማለት አይደለም፣ ሰዓቱ አልደረሰም። እነዚያ «ከድሮም የሚተዋወቁ» የመሰሉሽ ልጆችም ሰዓታቸውን ከአንቺ ቀድመው ስለጀመሩ ነው።

ሌላው፣ አብሮ የተቀመጡት ሰዓት ሁሉ እኩል አይቆጠርም። ጎን ለጎን ሆኖ ሌክቸር መስማት ብዙም አያቀራርብም፣ የሚያቀራርበው ከሥራ ውጪ ያለው ጨዋታ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ በሩ ላይ ቆመው የሚያወሩ ልጆች አሉ አይደል? እሷን ሃያ ደቂቃ ጥለሽ አትሂጂ፣ ከስብሰባው ይልቅ እሷ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦
ሁሉም ግቢ ግቢ ሲልሽ እኔ ትንሽ ፍሬን ልያዝ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አራት ክለብ ውስጥ ነበርኩ፣ በሁለቱ ጸሐፊ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ማታ ማታ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ዝግጅት፣ አሳይመንት በመጨረሻው ሌሊት... በዚያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ወደቅኩ። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፣ ዝምታዋ ግን እስካሁን አይረሳኝም።

ጥናትሽን አይጎዳም ብዬ አልዋሽሽም፣ ይጎዳል፣ ከበዛ። አንድ ብቻ ምረጪ። ኃላፊነት ከመቀበልሽ በፊት በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የቀድሞውን ልጅ ጠይቂው፣ በፈተና ሰሞን ማን እንደሚተካሽም ቀድመሽ ተነጋገሪ። ካልተመቸሽ ደግሞ ድምፅሽን አጥፍተሽ አትጥፊ፣ በግልጽ «ከዚህ ሳምንት በኋላ አልችልም» በያቸው። ሰው የሚያዝነው በመልቀቅሽ ሳይሆን ሳትናገሪ በመቅረትሽ ነው።

የዲቤት ልጅ፦
የሚገርምሽ፣ ለዓይን አፋር ሰው ዲቤት (የክርክር ክለብ) ጥሩ ነው። ሁሌ ተናጋሪ ለሆኑ ሰዎች ብቻ ይመስላል እንጂ! የብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ በሚባለው ፎርማት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ነው የምትሰለፉት፣ ርዕሱ ከተሰጠ በኋላ 15 ደቂቃ ከአጣማሪሽ ጋር ትዘጋጃላችሁ፣ ከዚያ 7 ደቂቃ ያንቺ ብቻ ነው። ተራሽ የታወቀ ነው፣ ወሬ ውስጥ ለመግባት ከማንም ጋር አትጋፊም። እኔን ክላስ ውስጥ እጄን ማውጣት ያስለመደኝ ይሄ ነው። መናገር ካልፈለግሽም ሰዓት ያዢልን፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ሁሌ ይጎድለናል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሰዓቱን ነገር ሳነበው ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደ፣ እውነቴን ነው። ከተመዘገብኩባቸው ሦስቱ አንዱ ዲቤት ነበር፣ የጸሐፊዋ ስልክ አሁንም አለኝ። ቅድም «ሰዓት የሚይዝ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መለሰችልኝ፦ «ሐሙስ 11 ሰዓት ነይ፣ ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ስልክ ካለሽ ያዢ»።